ስልኬን በአፈወርቅ ቀን ሰረቁኝ

ስልኬ የጠፋው ስብከት እየሰማሁ ነው።

ዕለቱ ግንቦት 12 ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ ካሉት አድባራት በአንዱ ግቢ፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜያለሁ። ግቢው ጢም ብሏል። ሰባኪው ወጣት ነው፣ ድምፁ ያምራል፣ ማይክ ሲይዝ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናል። «እስቲ እልል በሉ» አለ። አልን። «አልተሰማኝም» አለ። ደገምን። «አሁን ደግሞ አጨብጭቡ!» ለማጨብጨብ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። አንደኛው እጄ ኪሴ ውስጥ ስልኬን ይዞ ነበር። አወጣሁት፣ አጨበጨብኩ፣ መለስኩት። ኪሴ ባዶ ነው።

አጠገቤ የቆሙ አንዲት እናት ፊቴ ሲለዋወጥ አይተው «ምነው ልጄ፣ ቃሉ ነካህ?» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? «አዎ እማማ» ብዬ በሰው መሃል እየተጋፋሁ ወደ በሩ ሄድኩ። ሌባውን ባገኘው እንኳ በምን እንደማውቀው እንጃ። ነጠላ የለበሰው ሁሉ ሌባ መሰለኝ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ ስትሄዱ አንድ የማውቃቸው አዛውንት መጽሐፍ ሻጭ አሉ። ድሮ ግንብ ተደግፈው አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ይዘረጉ ነበር፤ መንገዱ ሲታደስና አካባቢው ሲቀየር ወደ አንዲት ጠባብ ሱቅ ገቡ። የምሄደው ሁልጊዜ ልገዛ አይደለም፣ ጨዋታቸውን ስለምወድ ነው። እዚያ ደርሼ ተዘረገፍኩ።

«ጋሼ፣ ጉድ ሆኛለሁ። ስልኬን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መነተፉኝ።»

«መቼ?»

«አሁን። ስብከት ላይ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ዛሬ የማን ቀን ነው?»

«የአቡነ ተክለ ሃይማኖት፣ ፍልሰተ ዓፅማቸው።»

«ሌላስ?»

ዝም አልኩ።

«የዮሐንስ አፈወርቅ ነዋ! አይ አንተ። እሱ እኮ ከ1600 ዓመት በፊት ነግሮህ ነበር።»

የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። አልነበረም። አፈወርቅ አንጾኪያ ውስጥ ሲሰብክ ሕዝቡ እንደኔ አፉን ከፍቶ ሲያዳምጥ መንታፊዎች በመሃል እየተሹለከለኩ ኪስ ያራቁቱ ነበር። አንድ ቀን በስብከቱ መሃል ይህንኑ አነሳው። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስትመጡ ወርቃችሁን ቤታችሁ ትታችሁ ኑ አላቸው። በቃ፣ የሚቻለው መላ ይኸው ነው። ጎበዝ ተናጋሪ ባለበት መንታፊ አይጠፋም።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለዚህ ሰው ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ስሙን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ ቅዳሴ ላይ ሰምቼዋለሁ፣ ግን ሥዕል ላይ ካለው ረጅም ጢም አልፌ ሰው መሆኑን አስቤ አላውቅም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፣ ካልሆነ እነግራችኋለሁ።)

የተወለደው በ347 አካባቢ አንጾኪያ ነው። ዛሬ ቱርክ ውስጥ ያለችው አንታኪያ ናት። በዚያው ዘመን እኛ ዘንድ አክሱም ላይ ኢዛና ነበር። አባቱ ሴኩንዱስ የጦር መኮንን ነበር፣ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ በ20 ዓመቷ ገደማ መበለት ሆና ቀረች። ዳግመኛ አላገባችም። ያላትን ሁሉ በልጇ ትምህርት ላይ አዋለች፣ በዘመኑ አሉ ከተባሉት የንግግር መምህራን አንዱ ከነበረው ከሊባንዮስ ዘንድ አስገባችው። ሊባንዮስ ክርስቲያን አልነበረም፤ የድሮዎቹን የግሪክ አማልክት የሙጥኝ ያለ ሰው ነው። ሊሞት ሲል ማን ይተካሃል ቢሉት «ዮሐንስ ነበር፣ ክርስቲያኖቹ ባይሰርቁን» አለ ይባላል። ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ። ስልኬን ያጣሁ ሰሞን የሌብነት ወሬ ከየት ከየት እንደሚመጣ!

ከተጠመቀ በኋላ ተራራ ወጣ። 4 ዓመት ከአንድ ሽማግሌ መናኝ ጋር፣ ከዚያ 2 ዓመት ብቻውን ዋሻ ውስጥ። እንቅልፍ ነፍጎ መጻሕፍትን በቃሉ ያዘ። ጨጓራውና ኩላሊቱ ተበላሹ። ታሞ ወደ ከተማ ወረደ፣ ዕድሜ ልኩንም የሆድ በሽተኛ ሆኖ ቀረ። በ381 ዲያቆን፣ በ386 ቄስ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያሉት 12 ዓመታት ናቸው አፈወርቅ ያሰኙት፣ ምንም እንኳ ስሙ የጸናለት ከሞተ በኋላ ቢሆን።

ስብከቶቹ የሚገርሙኝ ሰዉ ስለሚታይባቸው ነው። ጽሑፍ ያዦች የተናገረውን ከነጣልቃ ገቡ ሁሉ መዝግበውለታል። አንድ ጊዜ ኦሪት ዘፍጥረትን ሲያስተምር መሸ፣ መብራት አብሪው ገባ። ሕዝቡ አንገቱን አዙሮ መብራት አብሪውን ያይ ጀመር። ዮሐንስ ተናደደ። እኔ ከመጻሕፍት የተቀጣጠለ መብራት ይዤላችሁ ቆሜ እናንተ ያንን ታያላችሁ? ዓይነት ተግሣጽ ነው የወረደባቸው። እኛ ዘንድ ደግሞ ካሜራ የያዘው ልጅ መቋሚያ የሚያህል እንጨት ላይ ስልክ ሰክቶ ሲመጣ ጉባኤው በሙሉ ነጠላውን ያስተካክላል። እኔም አስተካክያለሁ፣ አልዋሽም።

ጭብጨባውስ? ያኔም ነበር። ሰዉ ጥሩ አነጋገር ሲሰማ እንደ ቲያትር ቤት ያጨበጭብ ነበር። ዮሐንስ ይህን አጥብቆ ይጠላዋል፤ ጠላሁ ሲል ግን አንድ ነገር አይደብቅም፣ ሲጨበጨብልኝ እንደ ሰው ደስ ይለኛል፣ ቤቴ ስገባ ግን አጨብጭበው ምንም ሳይዙ እንደሄዱ ሳስብ አለቅሳለሁ ይላል። ኋላ በተሾመባት በቁስጥንጥንያ፣ በዛሬዋ ኢስታንቡል፣ እያለ እንዲያውም ማጨብጨብ የሚከለክል ደንብ እናውጣ አለ። ደንቡን እየተናገረ ሳለ አጨበጨቡለት። «ምነው ታጨበጭባላችሁ? ስለዚሁ እኮ ነው የማወራው!» ዓይነት ነገር ስብከቱ ውስጥ ተጽፎ ቀርቷል። የኛ ሰባኪ ቢያነበው ደስ ባለኝ። ስልኬም ኪሴ ውስጥ በኖረ።

አሁን ወደ 387 ልውሰዳችሁ። ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ አዲስ ግብር ጣለ። የአንጾኪያ ሕዝብ ገንፍሎ ወጣ፣ የንጉሡንና የቤተሰቡን ሐውልቶች ገንድሶ መሬት ለመሬት ጎተተ። ሐውልት መውደቅ ምን ማለት እንደሆነ አዲስ አበባ ታውቃለች። አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ያለውን የምኒልክን ሐውልት ጣሊያን ነቅሎት ነበር፣ ከነፃነት በኋላ ተመለሰ። ሌኒን ደግሞ በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ወደቀ፣ አልተመለሰም። ያኔ ግን የንጉሥ ምስል መድፈር ንጉሡን መድፈር ነው። ከተማው በማግስቱ ሲነቃ ምን እንዳደረገ ገባው። ሰው መታሰርና መገደል ጀመረ፣ መታጠቢያ ቤቱና ቲያትር ቤቱ ተዘጋ፣ የቻለ ሸሸ። ሽማግሌው ጳጳስ ፍላቭያኖስ በክረምት ብርድ ወደ ቁስጥንጥንያ ሊለምኑ ተነሡ። ዮሐንስ ከሕዝቡ ጋር ቀረ።

ዐቢይ ጾም ነበር። በዚያ ጾም «ስለ ሐውልቶቹ» የሚባሉትን 21 ስብከቶች ሰበከ። የሞት ፍርድ ለሚጠብቅ ሕዝብ ምን ይባላል? አይዟችሁ አላቸው፣ ቀጥሎ ደግሞ ወቀሳቸው። ከሥጋ ጾማችሁ ወንድማችሁን በሐሜት ትበሉታላችሁ አለ። መሳደብና መማል አቁሙ አለ፣ በየስብከቱ እየተመለሰ፣ ሰዉ እስኪሰለቸው። በመሃሉ መናኞች ከተራራ ወርደው የንጉሡን ሹማምንት መንገድ ላይ አስቁመው ለከተማው ለመኑ። ለፋሲካ ምሕረቱ መጣ።

በ397 የቁስጥንጥንያው ሊቀ ጳጳስ ሞተ። በቤተ መንግሥቱ ሁሉን የሚያዝዘው ጃንደረባ ኤውጥሮፕዮስ ዮሐንስን ፈለገው። አንጾኪያ በግልጽ ቢጠየቅ ሕዝቡ አይለቀውም። ስለዚህ ከከተማ ውጭ ወዳለ የሰማዕታት መቃብር ጠርተው ሠረገላ ላይ ጭነው ወሰዱት። አዎ፣ እንደገና ተሰረቀ። በየካቲት 398 ተሾመ። የሾመው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ቴዎፍሎስ ነው፤ እሱ የራሱን ሰው ማስሾም ፈልጎ ስለነበር እጁን የጫነው ሳይወድ ነበር።

ዮሐንስ ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ምን አደረገ? የመንበሩን ወጪ ቆረጠ። በተረፈው ሆስፒታል ሠራ። ድግስ ቀረ፣ ብቻውን ይበላል። ይህ ለሆዱም ይመቸው ነበር፣ ለጠላቶቹም። ባለጸጋ እንግዳ መቀበል የማይወድ ጳጳስ ታስባላችሁ? ሴቶቹን ደግሞ በጌጣቸው ነካቸው። የብር ፖፖ የሚያሠሩ ባለጸጎች ነበሩ። ብር ስል ገንዘቡን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። በእግዚአብሔር አምሳል የተፈጠረ ሰው በብርድ እየሞተ አንቺ ለዚህ ብር ታወጫለሽ? አለ፣ በአደባባይ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ሥራው ሁሉ የሚሽከረከረው በዚህ ነገር ላይ ነው። ስለ ባለጸጋውና ስለ አልዓዛር ባስተማረው ውስጥ አንድ ሐሳብ አለ፣ ካነበብኩት ጀምሮ አልለቀቀኝም፤ ያለህን ለድሃ አለማካፈል ራሱ ስርቆት ነው ይላል። ባለጸጋው የማንንም ንብረት አልነጠቀም እኮ፣ የራሱን ነው የበላው። እሱ ግን ሌባ ይለዋል። እኔ ሌባዬን ፍለጋ ግቢውን ስዞር ቁም ሣጥኔ ውስጥ የማልለብሳቸው ሦስት ጃኬቶች ተሰቅለው ነበር።

ማቴዎስን ሲተረጉም ደግሞ መሠዊያውን በሐር አልብሰህ በር ላይ የታረዘውን አትለፈው ይላል። ጽዋው የወርቅ ሆኖ ክርስቶስ በረሃብ ቢያልቅ ምን ይጠቅማል? ከዚያ እንደ ሒሳብ መምህር ይቆጥራል። ከከተማው አንድ አሥረኛው ባለጸጋ፣ አንድ አሥረኛው ምንም የሌለው፣ የቀረው መካከለኛ ነው ይላል። የአንጾኪያ ቤተ ክርስቲያን ገቢዋ ከአንድ ባለጸጋ አይበልጥም፣ በዚያ ግን በየቀኑ 3,000 መበለታትንና ደናግልን ትመግባለች፣ እስረኛውና በሽተኛው ሳይቆጠር። ታዲያ 10 ሰው እንዲህ ቢሰጥ ድሃ የት ይገኛል? ይኸው ነው ጥያቄው። እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ጎበዝ ነው እያልኩ ብቻ ላልፍ አልችልም። አንጾኪያ ሳለ በአይሁድ ላይ፣ በተለይም ወደ ምኩራብ በሚሄዱ ክርስቲያኖች ምክንያት፣ የሰበካቸው ስብከቶች አሉ። አንብቤያቸዋለሁ። ስድብ ናቸው። ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ሰው ለማሳደድ የፈለጉ ጠቅሰዋቸዋል። የዘመኑ አነጋገር እንዲህ ነበር የሚሉ አሉ፣ ይሆናል። ያው አፍ ግን ነው የተናገረው።

ኤውጥሮፕዮስ በ399 ወደቀ። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሸሸ እንዳይነካ የሚለውን መብት የገደበው እሱ ራሱ ነበር፤ አሁን ነፍሱን ሊያድን ሮጦ መጥቶ የመሠዊያውን ምሰሶ አቀፈ። በማግስቱ ዮሐንስ እየተንቀጠቀጠ ያለውን ሰውዬ ሕዝቡ ፊት አድርጎ «ከንቱ፣ ከንቱ፣ ሁሉም ከንቱ» ብሎ ሰበከ። ወታደሮቹም እንዳይወስዱት ቆመለት። ገሠጸውም፣ ከለለውም።

ከንግሥት አውዶክስያ ጋር ግን አልሆነም። እኛ ዘንድ የድሃዋን የወይን ቦታ ነጥቃ ነው የተጣሉት ተብሎ ይተረካል። በ403 ቴዎፍሎስ ከግብፅ መጣ፣ «የዛፉ ጉባኤ» በሚባለው ላይ 36 ያህል ጳጳሳት ተሰብስበው ዮሐንስን ሻሩት። እዚህ ጋ ለኛ ትንሽ ይከብዳል። ቴዎፍሎስ የእስክንድርያ ነው፣ የእስክንድርያ መንበር ደግሞ ለብዙ መቶ ዓመታት ጳጳስ የላከልን ነው። የእህቱ ልጅ ቄርሎስም አብሮት ነበር። ስንክሳራችን ሁሉንም ቅዱስ ይላል። ጋሼን «ይህ እንዴት ነው?» ብላቸው «ቅዱሳንም ይጣላሉ፣ አንተ ከወንድምህ ጋር ታርቀሃል?» ብለው ዘጉኝ።

አባረሩት፣ ከተማው ተናወጠ፣ ደንግጠው መለሱት። ብዙም ሳይቆይ ለንግሥቲቱ የብር ሐውልት ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ተተከለ፣ በጭፈራና በጩኸት። እንደገና ሐውልት! ዮሐንስ ዝም አላለም። በሰኔ 404 ለመጨረሻ ጊዜ ተሰደደ። በወጣበት ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ በእሳት ጋየ። ኩኩሶስ ወደምትባል የአርመን ከተማ ወሰዱት፣ ከዚያ ሆኖ ደብዳቤ ይጽፍ ጀመር። 240 ያህል ደርሰውናል፣ 17ቱ ኦሎምፒያስ ለምትባል ዲያቆናዊት የተጻፉ ናቸው። ስለ ብርዱ፣ ስለ ሆዱ፣ ስለ ሽፍቶቹ ያማርራል፣ እሷን ደግሞ ያጽናናል። ሰው ከሩቅ እየመጣ ሲጎበኘው ጠላቶቹ ይህም በዛ አሉ። ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ በእግሩ ይሂድ ተባለ። መላጣ ራሱ በፀሐይ እየተቃጠለ፣ በዝናብ እየራሰ ነዱት። ኮማና የምትባል ከተማ አልፈው ጥቂት እንደሄዱ መራመድ አቃተው፣ መለሱት። ነጭ ልብስ ለበሰ፣ ቆረበ፣ «ስለ ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ሞተ። እንዴት ነህ ስንባል በቀን አሥር ጊዜ የምንለው ቃል ነው።

ቀኑ መስከረም 14፣ 407 ነው። በእኛ አቆጣጠር መስከረም 17፣ የመስቀል ዕለት። ከበዓሉ ጋር ስለሚገጥም ነው መታሰቢያው ወደ ኅዳር የተገፋው። ግንቦት 12 ደግሞ ዓፅሙ የተመለሰበት ነው። በ438 የአውዶክስያ ልጅ ቴዎዶስዮስ ሁለተኛው አስከሬኑን አስመጣ፣ ግንባሩን ሣጥኑ ላይ አድርጎ ስለ አባትና እናቱ ይቅርታ ለመነ። (በ1204 መስቀላውያን ቁስጥንጥንያን ሲዘርፉ ዓፅሙም ሮም ሄደ፣ በ2004 ነው የተመለሰው። ይህን ሰው እኮ ሞቶም አልተዉትም።)

እኛ ዘንድ ሥር ሰድዷል። ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ነው። ወደ ዕብራውያን የተጻፈውን መልእክት የተረጎመበትን ድርሳን በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ግእዝ የመለሱት የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም ናቸው፣ እሳቸውም ከየመን የመጡ ሰው ነበሩ። ጋሼ አንድ የምወዳትን ነገር አሳዩኝ፤ አፈወርቅ የዮሐንስን ወንጌል ሲተረጉም፣ ይህን ቃል ሶርያውያን፣ ግብፃውያን፣ ሕንዶች፣ ፋርሶች፣ ኢትዮጵያውያንም በየቋንቋቸው ተርጉመው ተማሩት ይላል። ስማችንን ጠርቶታል። ከዋሻ የወጣ በሽተኛ ሰውዬ፣ አንጾኪያ ላይ ቆሞ።

ዘንድሮ ግንቦት 12 ላይ ምክሩን ልፈጽም ወሰንኩ። አዲሱን ስልኬን ቤት ተውኩት። የኪስ ቦርሳዬንም። ነጠላዬን ለብሼ፣ ለአንድ ጉዞ የሚበቃ ሳንቲም ይዤ ታክሲ ተሳፈርኩ። አጨብጭቡ ሲባል እጄን አጣጥፌ ቆምኩ፣ ትንሽ ኮራ ብዬ መሰለኝ። ስወጣ በሩ ላይ ያሉት ሽማግሊት ሁልጊዜ የማያቸው ናቸው፣ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። እጃቸውን ዘረጉ። ሁለቱንም ኪሴን ገለበጥኩ። ብር የለ፣ ቴሌብር የለ። አፈወርቅ ወርቅህን ቤት ትተህ ና ያለኝ ለሌባው ነበር፣ ለሴትየዋ ምን እንደምል አልነገረኝም። ይልቅ ሌላ ቦታ፣ ጸሎት በምታደርስበት ጥግ የድሃ ሙዳይ አስቀምጥ፣ ሳትጸልይ በፊት ጣልበት ብሎ ነበር። እኔ ያነበብኩት ስለ መንታፊው ያለውን ብቻ ኖሯል።

«እማማ፣ ዛሬ ምንም አልያዝኩም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ግድ የለም ልጄ» አሉኝ፣ እጃቸውን እየሰበሰቡ። «ነገም እዚሁ ነኝ።»